የዝናብ ካርታን ማለስለስ፦ ምን እናተርፋለን? ምንስ እናጣለን?

የአየር ንብረት መረጃ ዛሬ በአብዛኛው የሚቀርብልን በግሪድ መልክ ነው። የምድር ገጽ በኬክሮስና በኬንትሮስ መስመሮች በትናንሽ ሣጥኖች ይከፈልና ለእያንዳንዱ ሣጥን አንድ የዝናብ ወይም የሙቀት ቁጥር ይሰጠዋል። ከሳተላይትና ከመሬት ጣቢያዎች የተቀናበረው ቺርፕስ የተባለው የዝናብ መረጃ ለምሳሌ የአንድ ሣጥኑ ጎን 0.05 ዲግሪ፣ ማለትም በምድር ወገብ አካባቢ 5.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለውን መረጃ በካርታ ላይ ስናሰፍረው የተበታተኑ ነጠብጣቦች ይታያሉ። አንዳንዶቹ የግምት ስሕተት ሲሆኑ ሌሎቹ ግን በእርግጥ የወረደ ዝናብ ናቸው። እነዚህን ነጠብጣቦች የሚያደበዝዙ የሶፍትዌር ፈንክሽኖች አሉ፤ ሥራቸውም ማለስለስ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የአንዱን አሠራር ከነጉድለቱ እንመለከታለን።

ባለ ዘጠኝ ነጥቡ ማለስለሻ

በግራድስ፣ በሲ ዲ ኦ እና በኤን ሲ ኤል ሶፍትዌሮች የሚገኘው ይህ ፈንክሽን የአንድን ሣጥን ዋጋ በራሱና በስምንት ጎረቤቶቹ አማካይ ይተካዋል። ለየሣጥኑ የሚሰጠው ክብደት ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ይለያያል። ለስሌት የሚመቸንን እንውሰድ፦ ማዕከሉ 1/4፣ በጎን ያሉት አራቱ እያንዳንዳቸው 1/8፣ በማዕዘን ያሉት አራቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 1/16። የክብደቶቹ ድምር 1 ነው።

አሁን በአንድ ሣጥን 90 ሚሊ ሜትር፣ በዙሪያው ባሉት ሁሉ 10 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል። የማዕከሉ አዲስ ዋጋ፦

90 × 1/4 + 4 × 10 × 1/8 + 4 × 10 × 1/16 = 30 ሚሊ ሜትር።

በጎን ያሉት ወደ 20፣ በማዕዘን ያሉት ወደ 15 ከፍ ይላሉ። የዘጠኙ ሣጥኖች ድምር በፊትም በኋላም 170 ነው። የውኃው መጠን አልጎደለም፤ ጎርፍ ሊያስነሣ የሚችለው ኃይለኛ ዝናብ ግን ከካርታው ጠፍቷል።

በሞገድ ዓይን ሲታይ

በአንድ አቅጣጫ የሚለዋወጥ ሞገድ በዚህ ማለስለሻ ሲያልፍ ርዝመቱ ሁለት ሣጥን ከሆነ ፈጽሞ ይጠፋል፤ አራት ሣጥን ከሆነ ከፍታው በግማሽ ይቀንሳል፤ ዐሥር ሣጥን ከሆነ 90 በመቶው ይተርፋል። ስለዚህ ማለስለሻ እውነቱን ከስሕተቱ አይለይም። የሚለየው አጭሩን ከረጅሙ ብቻ ነው።

ይህ በአገራችን መልክዓ ምድር ብርቱ ትርጉም አለው። ከወሎ ደጋ ወደ አፋር ቆላ ስንወርድ ዝናቡ በአጭር ርቀት በእጅጉ ይቀንሳል። ደጋግመን ብናለሰልስ የደጋው ዝናብ ወደ ቆላው ይፈስስና ደረቁ ምድር ዝናብ ያገኘ ይመስላል። ድርቅን ለሚከታተል ሰው እንዲህ ያለው ካርታ አሳሳች ነው።

ሦስት ጥንቃቄዎች

1. የጎደለ መረጃ ብዙ ጊዜ −9999 በመሰለ ቁጥር ይመዘገባል። ይህ ለሶፍትዌሩ ካልተነገረው እንደ ዝናብ ቆጥሮት አማካዩን ያበላሻል።

2. አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ በምድር ወገብ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ግማሹ ነው። ስለዚህ አንዱ ፈንክሽን በሁለቱ ቦታዎች እኩል ርቀት አያለሰልስም።

3. ማለስለስ ለዕይታ እንጂ ለስሌት አይሁን። ከፍተኛውን ዝናብ የምንፈልገው ከጥሬው መረጃ ነው፤ በካርታው ግርጌም የፈንክሽኑን ዓይነትና ስንት ጊዜ እንደተሠራበት እንጻፍ።

መልመጃ፦ ከላይ ያለውን ምሳሌ ለሁለተኛ ጊዜ አለስልሱ። ማዕከሉ 21.25 ሚሊ ሜትር ከሆነላችሁ ስሌታችሁ ትክክል ነው።