የወጣቶችን ጠበኝነት መለካት ይቻላልን?

ሰው ሲቆጣ እናያለን፤ ሲማታም እናያለን። ነገር ግን «ይህ ወጣት ከዚያኛው ይልቅ ጠበኛ ነው» ብለን ስንናገር በምን ሚዛን መዝነን ነው? በወጣቶች መካከል የሚያገለግሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ፍርድ በየሳምንቱ ሳያስቡት ይሰጣሉ፤ እኛም ሰጥተናል። የሥነ ልቦና ሊቃውንት ግን ጥያቄውን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያጠኑት ኖረዋል። ከደረሱበት ጥቂቱን እዚህ እናቀርባለን፤ እኛው ራሳችን የሠራነውንም ስሕተት አንሸሽግም።

አስቀድሞ ቃሉን መለየት ያስፈልጋል። በሥነ ልቦና ጠበኝነት የሚባለው፣ መጎዳትን የማይፈልግ ሌላ ሰው ላይ ሆን ተብሎ ጉዳት ለማድረስ የሚፈጸም ድርጊት ነው። ስለዚህ የጥርስ ሐኪም ቢያሳምምም ጠበኛ አይባልም፤ ድንጋይ ወርውሮ የሳተ ግን ይባላል። ቁጣ ስሜት ነው፤ ቂም ደግሞ በልብ ውስጥ የሚኖር ሐሳብ ነው። ሰው ሳይቆጣ ሊጎዳ፣ ተቆጥቶም ማንንም ሳይነካ ሊያድር ይችላል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵኖም ቁጣ ሁሉ ኃጢአት እንዳልሆነ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ያስተማረው በዚሁ ልዩነት ላይ ቆሞ ነው።

ይህን ልዩነት በመጠይቅ መልክ ካወጡት መካከል አሜሪካዊው አርኖልድ ባስ ይገኝበታል። እርሱና አን ደርኪ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጡት መጠይቅ 75 ዐረፍተ ነገሮች ነበሩ፤ መላሹም እያንዳንዱን «እውነት» ወይም «ሐሰት» ይለዋል። ከ35 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ባስ ከማርክ ፔሪ ጋር ሆኖ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመረው። 52 ዐረፍተ ነገሮች አዘጋጅተው ለ1,253 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰጡ፤ ከማጥለያው የተረፉት 29 ብቻ ናቸው። እነርሱም በአራት ይከፈላሉ፤ በእጅ ስለሚደረግ ጠብ 9፣ በቃል ስለሚደረግ ጠብ 5፣ ስለ ቁጣ 7፣ ስለ ቂምና ጥርጣሬ 8። መላሹ ለእያንዳንዱ ከ1 («እኔን ፈጽሞ አይገልጸኝም») እስከ 5 («እጅግ ይገልጸኛል») ይሰጣል። ድምሩም ከ29 አያንስም፤ ከ145 አይበልጥም።

መለኪያ ከመባሉ በፊት መጠይቁ ራሱ ተፈትኗል። ሰው ዛሬ 90 ከ9 ሳምንት በኋላ ደግሞ 50 የሚያገኝ ከሆነ፣ የተለካው ጠባዩ ሳይሆን የዚያ ቀን ስሜቱ ነው። ባስና ፔሪ ከ9 ሳምንታት በኋላ ተማሪዎቹን ዳግመኛ ሲጠይቁ የሁለቱ ጊዜ ድምር ዝምድና 0.80 ሆኖ ተገኘ፤ 1 ማለት ፍጹም ዝምድና ስለሆነ ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ከሁሉ ይልቅ ትኩረታችንን የሳበው ግን የወንዶችና የሴቶች ንጽጽር ነው። በእጅ ጠብ ወንዶቹ ከሴቶቹ በብዙ በለጡ፤ በቃል ጠብና በቂም ልዩነቱ አነስ ያለ ነበር፤ በቁጣ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ዝም ያለችው ተማሪያችን ከሚደባደበው ተማሪያችን ያነሰ ቁጣ አላት ብለን የምናስበው ያለ ማስረጃ ነው ማለት ነው።

መጠይቅ አንድ ትልቅ ድካም አለበት፤ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን ከማመን ሌላ መንገድ የለውም። በእኛ አገር ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ለማያውቅ አንባቢ መግለጥ አያስፈልግም። ከ29ኙ ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች በተቃራኒው የሚቆጠሩ፣ ማለትም ሰላማዊነትን የሚገልጹ ናቸው፤ ይህ ሁሉን ያለ ማንበብ «5» የሚለውን ሰው ያጋልጣል። ሆን ብሎ ራሱን የሚያሳምረውን ግን አይዝም።

በዚህ ምክንያት አንዳንዶች ድርጊቱን በዓይን ለማየት ወደ ቤተ ሙከራ ሄዱ። ስቱዋርት ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ዘዴ ወጣቱ ከማያየው ሰው ጋር በፍጥነት ይወዳደራል፤ የተሸነፈው በኤሌክትሪክ ይነዘራል፤ የንዝረቱን ኃይል የሚመርጠው ተጋጣሚው ነው። በእውነቱ ተጋጣሚ የሚባል ሰው የለም። በኋላ ንዝረቱ በኃይለኛ ድምፅ ተተካ። ዘዴው ብልህ ነው፤ ዳሩ ግን ውጤቱን ተመራማሪዎች እጅግ በተለያየ ስሌት ሲያሰሉት መቆየታቸው በ2010ዎቹ ጥያቄ አስነሥቷል። በተጨማሪም ወጣቱ ታርቆ የሚወጣበት በር የለም፤ እንዲቀጣ ብቻ ነው የሚጠየቀው።

ሦስተኛው መንገድ አብረው የሚውሉትን መጠየቅ ነው። ሌናርድ ኤሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1960 በኒው ዮርክ ግዛት ኮሎምቢያ በተባለ አውራጃ ከ800 በላይ የሦስተኛ ክፍል ልጆችን «ሌሎችን የሚገፋ ማን ነው?» የመሰሉ ጥያቄዎች ጠየቁ፤ ልጆቹም የክፍል ጓደኞቻቸውን ስም ሰጡ። ከ22 ዓመታት በኋላ ሲታይ፣ በ8 ዓመታቸው በጓደኞቻቸው ብዙ ጊዜ የተጠሩት በ30 ዓመታቸው በወንጀል የመቀጣታቸውና የገዛ ልጆቻቸውን አክብደው የመቅጣታቸው ዕድል ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ ግን የብዙዎች ዝንባሌ እንጂ የአንድ ልጅ ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ ከተጠሩት መካከል ሰላማዊ ሆነው ያደጉ ብዙዎች ናቸው።

ወደ አማርኛ ስንመጣ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመናል። በአራቱ ክፍሎች ውስጥ ኩርፊያ የት አለ? ሰላምታ መንሣት፣ ከማኅበር ማግለል፣ ከኋላ ማማት፤ እነዚህ እጅም ድምፅም አያነሡም፣ ሰውን ግን ይጎዳሉ። ኒኪ ክሪክና ጄኒፈር ግሮትፒተር እ.ኤ.አ. በ1995 በልጆች መካከል ያጠኑት ይህንኑ ነው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚል ሕዝብ መጠይቁን ቃል በቃል ከመተርጐም አልፎ የራሱን ጥያቄዎች ሊጨምርበት ይገባል።

አሁን ወደ ስሕተታችን። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከእግር ኳስ ጨዋታ በኋላ በተነሣ ጠብ የአንድ ልጅ ጥርስ በመሰበሩ፣ በምናገለግልበት ቁምስና ለወጣቶች ክፍል ሃያ ያህል ጥያቄዎች አዘጋጅተን አደልን። ስማቸውንም እንዲጽፉ አደረግን። ጥርስ የሰበረው ወጣት ከሁሉ ያነሰ ነጥብ አገኘ፤ የገዛ መልሱ እንደሚለው የዋህ ነበር። ከሁሉ የበለጠ ነጥብ ያገኘችው ድምፅዋ እንኳ የማይሰማ አንዲት ልጅ ሆነች። ወረቀቶቹን በጠረጴዛ ላይ ትተን ወጣን። በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹ ለእርስዋ የቅጽል ስም አውጥተውላት ነበር፤ እርስዋም ለሁለት ወር ያህል ከትምህርት ቀረች።

ቤቷ ሄደን ይቅርታ ስንጠይቃት የነገረችን ይህ ነው፤ «እኔ ማንንም አልመታሁም። ግን ከእኅቴ ጋር ከተነጋገርን ሁለት ዓመት ሆኖናል። እውነቱን ጻፉ ስላላችሁን ጻፍሁ።»

እንግዲህ መጠይቁ አልዋሸም፤ የዋሸው ሌላው ነው፤ ያጠፋነውም እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ስናድል ስም አናጽፍም፤ መመለስ ያልፈለገ ባዶውን እንዲመልስ እንፈቅዳለን፤ የምናየውም የክፍሉን ድምር እንጂ የአንዱን ልጅ ነጥብ አይደለም። የአንድን ወጣት ሁኔታ ማወቅ ስንፈልግ ለብቻው እናነጋግረዋለን፤ ለራሱ ወይም ለሌላው የሚያሰጋ ሲሆን ደግሞ ወደ ሠለጠነ ባለሙያ እንልከዋለን። ልጅቱ በሦስተኛው ወር ተመለሰች። ከእኅትዋ ጋር ስለ መነጋገርዋ አልጠየቅናትም።