ፕሪንተሩ የአማርኛውን ፊደል ሲለውጠው

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የጽሕፈት ሥራ የሚሠሩ አንባቢ፣ ዊንዶውስ 7 በተጫነበት አሮጌ ኮምፒዩተር የተጻፈ የአማርኛ ማመልከቻ ስክሪኑ ላይ ደህና ሆኖ ሳለ ሲታተም ለምን የላቲን ፊደል እንደሚሆን ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ጥፋቱ በአብዛኛው የሚገኘው በድራይቨሩ፣ ማለትም የኮምፒዩተሩን ትእዛዝ ፕሪንተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ በሚለውጠው ፕሮግራም ማስተካከያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ከመግባቱ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ድራይቨሩ ፎንቱን ፕሪንተሩ ውስጥ ባለ ፎንት ሲተካው ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። ስለዚህ በኅትመት ምርጫዎቹ «አድቫንስድ» ገጽ ላይ የትሩታይፕ ፎንት ምርጫው ከመተካት ወደ «ዳውንሎድ አዝ ሶፍትፎንት»፣ ይኸውም ፎንቱን ራሱን ወደ ፕሪንተሩ ወደሚልከው፣ መዛወር አለበት፤ ይህ ካልበቃና ድራይቨሩ የሚፈቅድ ከሆነ ጽሑፉን እንደ ሥዕል ማተም ይገባል፤ ኅትመቱ ሊዘገይ ይችላል፣ ነገር ግን ከአንኮበር ድረስ የመጣ ባለጉዳይ የማይነበብ ማመልከቻ ይዞ ከሚመለስ መዘግየቱ እጅግ ይሻላል።