ሽመልና ሸምበቆ፦ ባለ ዋሽንቱ ከተፈጥሮ ምን ወሰደ?

ጥበብ ከተፈጥሮ ትቀዳለች ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ሠዓሊው ቀለሙን ከአበባ፣ ሙዚቀኛው ዜማውን ከወፍ ወሰደ ይባላል። ይሁንና «ወሰደ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። የጥበብ ሰው ከተፈጥሮ የሚወስደው ምንድን ነው? ያየውንና የሰማውን እንዳለ ይገለብጣል ወይስ ይለውጠዋል? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ቀላል መሣሪያ፣ በዋሽንት፣ አማካይነት እንመረምራለን። ዋሽንቱንም ከጎንደር ደጋ እስከ መተማ ቆላ ድረስ እንከተለዋለን። አንባቢ በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ስለ ሞገድ የቀሰመው ዕውቀት ለዚህ ይበቃዋል።

ሁለት የሣር ዘመዶች

ምዕራብ ጎንደር ከሱዳን ጋር የሚዋሰን ሰፊ ቆላ ነው። ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ በደቡብም በኩል ቋራን አልፎ እስከ ዓላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ድረስ የዕጣን ዛፍ፣ ግራርና ሽመል የሚገኙበት ደረቅ ጫካ አለ። ሽመል የቆላ ቀርከሃ ስም ነው፤ በዚያው ቃል እረኛው በእጁ የሚይዘውን በትርም እንጠራበታለን። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠም። የደጋው ቀርከሃ ግንዱ ውስጡ ባዶ ሲሆን፣ የቆላው ሽመል ግን በተለይ በደረቅ መሬት ላይ ሲበቅል ውስጡ የተሞላ ወይም ጠባብ ክፍተት ብቻ ያለው ነው። ስለዚህ ለበትርና ለቤት ሥራ ይሆናል፤ ቢነፉት ግን ድምፅ አይሰጥም።

ሸምበቆ በአንጻሩ ውሃ ዳር የሚበቅል፣ በአንጓና በአንጓ መካከል ባዶ የሆነ ተክል ነው። ዋሽንት ከሸምበቆ፣ ውስጡ ባዶ ከሆነ ቀርከሃ፣ አንዳንዴም ከእንጨት ይሠራል። በዕፀዋት ምደባ ሽመልም ሸምበቆም ከሣር ቤተሰብ ናቸው፤ ጤፍና ማሽላም ዘመዶቻቸው ናቸው። የአንዱ ጥቅም በሙላቱ፣ የሌላው ጥቅም በባዶነቱ መሆኑን ለይቶ ያወቀ ሰው የመጀመሪያውን የጥበብ ሥራ ሠርቷል፤ ምርጫ አድርጓልና።

ነፋስ የሚያፏጭበት ሸምበቆ

ጫፉ በተቆረጠ ሸምበቆ አፍ ላይ ነፋስ በአግድም ሲያልፍ ፉጨት ይሰማል። ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። የሚያልፈው አየር የሸምበቆውን ጠርዝ ሲመታ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ይላል። ይህ መወዛወዝ በሸምበቆው ውስጥ ያለውን የአየር ዓምድ ያርገበግበዋል። ዓምዱ ግን ማንኛውንም ድግግሞሽ አይቀበልም፤ ከርዝመቱ ጋር የሚስማማውን መርጦ ያጎላል። ይህን ክስተት ሬዞናንስ እንለዋለን።

መሬት ላይ የቆመው ሸምበቆ ከላይ ክፍት፣ ከታች በአንጓ የተዘጋ ነው። በተዘጋው ጫፍ አየሩ ወዲያና ወዲህ ማለት አይችልም፤ በክፍቱ ጫፍ ግን እንቅስቃሴው ከፍተኛ ይሆናል። በመሆኑም በቧንቧው ውስጥ የሚቆመው የሞገድ ርዝመት አንድ አራተኛ ነው። ሁለቱም ጫፎች ክፍት ሲሆኑ ደግሞ ግማሹ ይቆማል። ከዚህ የሚከተሉት ሁለት ቀመሮች ይገኛሉ፦

አንድ ጫፉ ለተዘጋ ቧንቧ፦ ድግግሞሽ = የድምፅ ፍጥነት ÷ (4 × ርዝመት)

ሁለቱም ጫፎቹ ለተከፈቱ ቧንቧ፦ ድግግሞሽ = የድምፅ ፍጥነት ÷ (2 × ርዝመት)

ርዝመቱን 50 ሴንቲ ሜትር፣ የድምፅን ፍጥነት በሴኮንድ 340 ሜትር ብንወስድ፣ የተዘጋው ቧንቧ 170 ሄርዝ፣ የተከፈተው 340 ሄርዝ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ነፋሱ ያስተማረው ፉጨት የተዘጋ ቧንቧ ፉጨት ነው። ዋሽንት ግን ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት ናቸው። የዋሽንት ሠሪው የሰማውን አልገለበጠም፤ አንጓውን አስወግዶ የተፈጥሮን ቧንቧ ከታች ከፍቶታል። ይህ ትንሽ ለውጥ ምን እንዳስገኘ ቀጥለን እንመልከት።

አራት ቀዳዳ እንዴት በቃ?

ዋሽንት አብዛኛውን ጊዜ አራት የጣት ቀዳዳዎች ብቻ አሉት። የሀገራችን ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የተመሠረቱ ናቸው። ስድስተኛው ድምፅ የመጀመሪያው እጥፍ፣ ማለትም ኦክታቩ ነው።

ቀዳዳዎቹ ሁሉ ሲዘጉ አንድ ድምፅ ይገኛል። ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ሲከፈቱ የአየሩ ዓምድ እያጠረ ስለሚሄድ አራት ተጨማሪ ድምፆች ይገኛሉ። ድምሩ አምስት ነው። ስድስተኛውን ለማግኘት አዲስ ቀዳዳ አያስፈልግም፤ ተጫዋቹ ቀዳዳዎቹን መልሶ ዘግቶ ትንፋሹን ያጠነክራል። የተከፈተ ቧንቧ ጠንከር ተደርጎ ሲነፋ ድግግሞሹ በትክክል ወደ ሁለት እጥፍ ስለሚዘል ኦክታቩ ይገኛል። ከዚያ አምስቱ ድምፆች ከፍ ብለው እንደገና ይጀምራሉ።

አንጓው ባይወገድ ኖሮስ? የተዘጋ ቧንቧ በጠንካራ ትንፋሽ የሚዘለው ወደ ሦስት እጥፍ ነው። በአንዱና በሦስት እጥፉ መካከል ያለውን ሰፊ ክፍተት በትዝታ ሜጀር ቅኝት ለመሙላት ስምንት ድምፆች ያስፈልጋሉ፤ ይህም ሰባት ቀዳዳ ይጠይቃል። ሠሪው ከታች በመክፈቱ ሦስት ቀዳዳ አተረፈ። ቀመር አልጻፈም፤ ጆሮው ግን ውጤቱን አግኝቶታል።

የቀዳዳዎቹን ሥፍራ በግምት እናስላ። በትዝታ ሜጀር የአምስቱ ድምፆች ድግግሞሽ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር 1፣ 9/8፣ 5/4፣ 3/2 እና 5/3 ነው። ርዝመት በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ ለ50 ሴንቲ ሜትር ዋሽንት የአየሩ ዓምድ 50፣ 44.4፣ 40፣ 33.3 እና 30 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። በተግባር ቀዳዳዎቹ ከቧንቧው ስለሚጠቡና ሞገዱ ከክፍቱ ጫፍ ጥቂት ወጣ ስለሚል ሥፍራቸው ይሸጋሸጋል። ቅኝቱ ሲለወጥ ደግሞ ንጽጽሩም ይለወጣል። ባለ ዋሽንት አንድ ሳይሆን ብዙ ዋሽንቶችን ይዞ የሚዞርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከደጋ ወደ ቆላ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ መተማ ዮሐንስ ወደ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ብዙ ሕዝብ ለጉልበት ሥራ ከደጋው ወደዚህ ቆላ ይወርዳል፤ ዘፈኑና መሣሪያውም አብሮት ይወርዳል። በደጋ የተሠራ ዋሽንት ቆላ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣልን?

ብዙ ተማሪዎች «ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ በፍጥነቱ ይለያል» ብለው ያስባሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊትም እፍግታም አብረው ይቀንሳሉ፤ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የሁለቱ ንጽጽር በመሆኑ አንዱ የሌላውን ያካክሳል። የሚወስነው የሙቀት መጠኑ ነው። በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የድምፅ ፍጥነት በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ፣ በ40 ዲግሪ ደግሞ 355 ሜትር ገደማ ነው። መተማ በበጋው ማብቂያ 40 ዲግሪን የሚያልፉ ቀናት ስላሏት፣ በደጋው ጠዋት 340 ሄርዝ የሚሰጠው ዋሽንት በቆላው ቀትር ወደ 355 ሄርዝ ከፍ ሊል ይገባዋል። ይህም የሦስት አራተኛ ሰሚቶን ያህል ነው፤ የሠለጠነ ጆሮ በቀላሉ ይለየዋል።

ሆኖም ስሌቱ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ባለ ዋሽንቱ ወደ ቧንቧው የሚልከው የገዛ ትንፋሹን ነው። ይህ ትንፋሽ በደጋው ብርድ ቧንቧውን ያሞቀዋል፤ በቆላው ቀትር ግን ከውጭው አየር ይልቅ ቀዝቃዛው ትንፋሹ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ልዩነት ከተሰላው ያንሳል።

ዋሽንት ማክረሪያም ማላያም የለውም። ክራርና ማሲንቆ ግን አላቸው። በመሆኑም አብረው ሲጫወቱ ባለ ጅማቶቹ ወደ ዋሽንቱ ቢጠጉ ይቀላል። ሐሊም ኤል ዳብህ የተባለው ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ በ1963 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም የተለያዩ ሕዝቦችን መሣሪያዎች አንድ ላይ ማሰማት ነበረበት፤ የታወቀው ባለ ዋሽንት ዮሐንስ አፈወርቅም በዚህ ቡድን ውስጥ ተጫውቷል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ ደግሞ የእረኛውን ባለ ዋሽንት ምስል ለሲምፎኒ ኦርኬስትራ በተጻፈ ድርሰት አቅርበውታል።

ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ

ከመተማ በስተ ደቡብ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚኖሩት በርታዎች ዙምባራ በተባለው የትንፋሽ መሣሪያቸው ይታወቃሉ። በዙምባራ ቡድን ውስጥ እያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ መሣሪያ አንድ ድምፅ ያወጣል፤ ዜማው የሚሰማው ሁሉም በየተራቸው ሲነፉ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ አንድ ርዝመት አንድ ድምፅ ብቻ ከሰጠ ዜማ ከየት ይመጣል? ባለ ዋሽንቱ «ርዝመቱን በጣቴ እለዋውጣለሁ» ሲል፣ የዙምባራው ቡድን «ብዙ ርዝመት ሆነን እንቆማለን» ይላል። የተፈጥሮ ሕግ አንድ ሆኖ ሳለ ጥበቡ ሁለት ሆነ።

የፕላስቲክ ቧንቧስ?

ዛሬ ዋሽንት ከፕላስቲክ ቧንቧም ይሠራል። ይህ ድምፁን ያበላሸዋልን? ጆን ኮልትማን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ ቅርጻቸው አንድ ዓይነት የሆኑ የብር፣ የመዳብና የእንጨት ፍሉቶችን አነጻጽሯል። አድማጮች አንዱን ከሌላው መለየት አልቻሉም። የሚርገበገበው የቧንቧው ግድግዳ ሳይሆን አየሩ ነውና። የውስጡ ስፋትና የጠርዙ አሠራር እኩል ከሆነ ፕላስቲኩም ያው ዋሽንት ነው።

ታዲያ ሸምበቆው ቢጠፋ ምን ይጎድለናል? የሚጎድለው ድምፁ ሳይሆን ዕውቀቱ ነው ብለን እናምናለን። ሁለት ሸምበቆ ፈጽሞ አንድ አይሆንም፤ የአንዱ አንጓ ይቀርባል፣ የሌላው ይርቃል፣ የአንዱ ውስጥ ይሰፋል፣ የሌላው ይጠባል። ስለዚህ ሠሪው ለእያንዳንዱ ዋሽንት አዲስ ችግር መፍታት አለበት። ፋብሪካ የሠራው ቧንቧ ግን ሁሉም እኩል ነው፤ የመጀመሪያውን የለካ ሰው የቀሩትን ይገለብጣል። ተፈጥሮ ለጥበበኛው የሰጠችው ትልቁ ስጦታ ይህ አለመመሳሰል ነው።

በዚህ ቆላ ሰው ተፈጥሮን ማንበብ የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ74 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት በሽንፋ ወንዝ ዳር የኖሩ ሰዎች ወንዙ በበጋ ወደ ኩሬነት ሲቀየር ዓሣ እያጠመዱ ክፉውን ጊዜ አልፈዋል። ጫካው ግን ዛሬ ለእርሻ እየተመነጠረ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ስለ ዕጣን ዛፍ የታተመ ሰፊ ጥናት በአብዛኞቹ ሥፍራዎች ተተኪ ወጣት ዛፍ እንደሌለ አሳይቶ፣ የዕጣኑ ምርት በሃያ ዓመታት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ጫካው ሲሳሳ ከእርሱ ጋር የኖረው ዕውቀትም ካልተጻፈ ይሳሳል።

ለተማሪዎች የቀረበ ሥራ

በአካባቢያችሁ ዋሽንት የሚሠራ አባት ካሉ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ቀርባችሁ ተማሩ። የዋሽንቱን ርዝመት፣ የውስጡን ስፋት፣ ከአፉ እስከ እያንዳንዱ ቀዳዳ ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለኩ። የአየሩን የሙቀት መጠን መዝግቡ። ድግግሞሹን በእጅ ስልክ ላይ በሚጫን የድምፅ መለኪያ ፕሮግራም ማግኘት ይቻላል። ከዚያ ከላይ በሰጠነው ቀመር ካሰላችሁት ጋር አነጻጽሩ። የለካችሁትና ያሰላችሁት አይገጥሙም፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ስትጠይቁ ፊዚክሱ ይጀመራል። ሠሪውንም ቀዳዳውን ለምን እዚያ እንዳደረጉት ጠይቁ፤ መልሱን በራሳቸው ቃል ጻፉት። ያ ማስታወሻ የእርሳቸው ዕውቀት የተጻፈበት የመጀመሪያው ገጽ ሊሆን ይችላል።