ጡንቻም ወሰን አለው



ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ጠንካራ ሙእሚን አላህ ዘንድ ከደካማው የበለጠ ተወዳጅ እንደሆነ፣ በሁለቱም ዘንድ ግን ኸይር እንዳለ አስተምረዋል። የኢማን ጥንካሬ ይቀድማል፤ አካልን ማጠንከርም በጥሩ ኒያ ከሆነ አጅር ያስገኛል። ችግሩ የሚመጣው ወሰኑን ካለማወቅ ነው።

ብረት ማንሳት የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ፈጣን ለውጥ ያያል። ከዚያ በኋላ ጭማሪው በየዓመቱ እያነሰ ይሄዳል። ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም። የአጥንት አወቃቀር፣ የሆርሞን መጠንና ከወላጅ የምንወርሰው ተፈጥሮ ለእያንዳንዳችን ጣሪያ ያበጃሉ። ሰውነታችን ራሱ የጡንቻን እድገት የሚገታ ማዮስታቲን የሚባል ፕሮቲን ያመርታል፤ ተመራማሪዎች ይህን ይፋ ያደረጉት በ1997 እ.ኤ.አ. ነው።

በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 157 ወንድ ስፖርተኞችን መርምሯል። ተመራማሪዎቹ የእያንዳንዱን ሰው ከስብ ውጭ ያለ ክብደት በኪሎ ወስደው፣ በሜትር የተለካ ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር አካፈሉት። ስቴሮይድ ያልወሰዱት ከ25 ገደማ አላለፉም፤ ከወሰዱት ግን ብዙዎቹ አልፈዋል። ቁመቱ 1.75 ሜትር ለሆነ ሰው ይህ ከስብ ውጭ 77 ኪሎ ያህል ማለት ነው። ቁርጥ ያለ ሕግ ባይሆንም ጥሩ መለኪያ ነው።

እንግዲህ በስልካችን የምናየውን ሰውነት ሁሉ በሥራ ብቻ የመጣ አድርገን አንውሰድ። በዚያ ተስፋ ቆርጦ ወደ መርፌና እንክብል የሚሄድ ወንድም ዋጋው ከባድ ነው። ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ ሰውነት የራሱን ማምረት ያቆማል፤ የዘር ፍሬ ይሟሽሻል፣ መውለድ ሊያስቸግር ይችላል፣ ልብም ይጎዳል። ሰውነት አማና ነው። አላህም (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ 195ኛ አንቀጽ ራሳችንን ወደ ጥፋት ከመጣል ከልክሎናል።

የዕድሜ ልክ ጉዞውንም እናስብ። ሱረቱ አር-ሩም 54ኛ አንቀጽ ሰው ከድክመት ወደ ብርታት፣ ከብርታትም ወደ ድክመትና ሽበት እንደሚሄድ ይነግረናል። ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ጡንቻ ቀስ በቀስ መቀነስ ይጀምራል። ሆኖም በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው አረጋውያን ለ8 ሳምንት ክብደት እያነሱ የእግራቸው ጉልበት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ጣሪያው ቢኖርም የሥራው ጥቅም አያልቅም ማለት ነው።

ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በቋሚነት እንሥራ፤ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ እንቁላሉን እንብላ፤ በቂ እንተኛ። ጂሙ ሶላትን በወቅቱ ከመስገድ አያዘግየን። ዛሬ የምናበጀው ጉልበት ሸምግለን ቆመን ለመስገድ፣ ወላጆቻችንን ለመርዳት ስንቅ ይሆነናል፤ ኢንሻአላህ።

አላህ ጤናችንን ለኸይር የምንጠቀምበት ያድርገን። አሚን!