ዕዳ ይዞ ወደ ወላጅ ቤት መመለስ



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ በየቤታችን ያለ፣ ነገር ግን በጉባኤያችን ብዙም የማይነገር ነው። ይኸውም ዕድሜው ሃያን አልፎ፣ ትምህርቱ ገና ሳያልቅ፣ ከተከራየው ክፍል ወጥቶ ዕዳ እንደ ተሸከመ ወደ እናት አባቱ ቤት ስለሚመለስ ወጣት ነው። ከመካከላችን ይህ የደረሰባቸው አሉ፤ ነገ የሚደርስባቸውም ይኖራሉ። ስለሆነም ነገሩን በሦስት ከፍለን እንመለከታለን። በመጀመሪያ ዕዳው ከየት እንደሚመጣ፣ ቀጥሎ የምንመለስበት ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደ ሆነ፣ በመጨረሻም የተመላሹ ግዴታ ምን እንደ ሆነ እናያለን።

ሀ/ ዕዳው ከየት መጣ?

በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ መኝታውም በመንግሥት ወጪ ነበር። ብዙዎቹ ወላጆቻችን የሚያውቁት ይህን ነው። ስለዚህ «ለመማር ደግሞ የምን ዕዳ ነው?» ብለው ሲጠይቁን እንደ ተግሣጽ ልንወስደው አይገባም፤ በእነርሱ ጊዜ ያልነበረ ነገር ስለ ሆነባቸው ነው።

በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 ወጣ። ይህንኑ ተከትሎ በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የወጪ መጋራት ሥርዓት ተዘረጋ። በሥርዓቱ መሠረት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ ከመቶ 15 እጁን እንዲሸፍን ተወሰነ። ገንዘቡን ግን ተመርቆ ገቢ ካገኙ በኋላ፣ ከወር ገቢ ላይ ቢያንስ ከመቶ 10 እጅ እየተቀነሰ መክፈል እንዲቻል ተደረገ። በመምህርነት ለሚሠማሩትም በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፍሉበት መንገድ ተከፈተላቸው። ሐሳቡ የአገራችን ብቻ አይደለም። አውስትራሊያ በ1989 እ.ኤ.አ. ተማሪው ገቢ ሲያገኝ የሚከፍልበትን አገር አቀፍ ሥርዓት ጀመረች፤ ኋላም ኒውዚላንድና እንግሊዝ ተከተሏት።

እንግዲህ ይህ የመጀመሪያው ዕዳ ጠባዩ ታጋሽ ነው። ደመወዝ እስኪገኝ ይጠብቃል። በእርግጥ ጨርሶ ሊረሳ አይገባውም፤ ከዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት የማይመገብ ተማሪ በእጁ የሚቀበለው የምግብ ገንዘብ እንኳ በውሉ ላይ የሚጻፍ ነው። ሆኖም ወጣቱን ከተከራየው ክፍል አስወጥቶ ወደ ወላጅ ቤት የሚመልሰው ይህ ዕዳ አይደለም።

የሚመልሰው ሁለተኛው ዓይነት፣ የማይታገሠው ዕዳ ነው። በማታ ወይም በግል ኮሌጅ የሚማር ወጣት ክፍያው በየወሩ ወይም በየመንፈቀ ዓመቱ ይጠበቅበታል። የቤት ኪራይም ቀኑን ቆጥሮ ይመጣል። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. «ቴሌብር መላ» የተባለውን ብድር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ መያዣ ሳያስይዙ በእጅ ስልክ መበደር ተችሏል። ይህ ለቸገረው ሰው መውጫ ነው፤ ነገር ግን የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ የመመለሻው ቀንም የተቆረጠ ነው። አንዱን ብድር በሌላ ብድር የሚዘጋ ሰው አበዳሪውን ለወጠ እንጂ ዕዳውን አልከፈለም።

ሦስተኛው ከጓደኛ፣ ከአጎት፣ ከሰፈር ሱቅ የተወሰደው ነው። ወለድ የለውም፤ ቀንም አልተቆረጠለትም። በዚህ ምክንያት ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይገፋል። ዳሩ ግን አበዳሪያችንን ከሩቅ አይተን መንገድ መቀየር ስንጀምር የዚያ ብድር ወለዱ ምን እንደ ሆነ ይገባናል።

ለ/ የምንመለስበት ቤት የትኛው ነው?

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች መጠሪያ ነው። ስሟ ራሱ የቤት ስም ነው ማለት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። በቂርቆስና በካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ያሳደገው በእነዚህ ቤቶች ነው። አንዱን ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ከፍሎ፣ ከላይ ለልጆች ቆጥ ሠርቶ ኖረ። ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ኪራዩ ቀላል ነበር፤ ለደብተር፣ ለዕድርና ለዕቁብ የተረፈውም ከዚያ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት አብዛኛው የካዛንቺስ ሰፈር ፈረሰ። ነዋሪዎቹም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ስፍራዎች፣ ከፊሎቹም ወደ ኮንዶሚኒየም ቤቶች ተዛወሩ። ከእኛም አባላት መካከል ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይመጡ የነበሩ ዛሬ በአውቶቡስና በታክሲ የሚመጡ አሉ።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሩቅ ቆይቶ የሚመለስ ወጣት በልቡ የሚመለሰው ወደ ቀድሞው ቤት ነው። የሚያገኘው ግን ሌላ ቤት ነው። እንጀራ ጋግራ ለጎረቤት ትሸጥ የነበረች እናት ደንበኞቿ ተበትነዋል። ሥራው መሐል ከተማ የሆነ አባት ቀድሞ ለመጓጓዣ የማያወጣውን ዛሬ ያወጣል። ዕድርተኛው ተለያይቷል፤ ዱቤ የሚሰጠው ባለ ሱቅም የለም። ስለዚህ «ወደ ቤት ልመለስ» የሚል ሰው ወላጆቹ ራሳቸው አዲስ ኑሮ ጀማሪዎች መሆናቸውን አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል።

ሐ/ የተመላሹ ልጅ ግዴታ

በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠቀሰው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የተጻፈው የጠፋው ልጅ ታሪክ ነው። ሰዉም ተመላሹን በዚያ ዓይን ያየዋል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያ ልጅ ድርሻውን ወስዶ በሩቅ አገር ያባከነ ነው። ለትምህርት ክፍያና ለቤት ኪራይ ተበድሮ የተመለሰ ተማሪ አባካኝ አይደለም። ያልበደለውን እንዲናዘዝ መጠበቅ አይገባም፤ እርሱም ራሱን እንደ ጠፋ ቆጥሮ አንገቱን ሊደፋ አይገባውም።

ይሁን እንጂ በታሪኩ ውስጥ ሁልጊዜ የምናልፈው አንድ ሰው አለ፤ በቤት የቆየው ታላቅ ወንድም። በእኛም ቤት እንዲህ ያለ አለ። ታናሽ እኅት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት እንበል። ወንድሟ ሲመለስ የምታጠናበት ጠረጴዛ የእርሱ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። አልጋዋን ለቅቃ ከእናቷ ጋር ትተኛለች። እርሱ እስከ እኩለ ሌሊት መብራት ያበራል። ማንም ፈቃዷን አልጠየቀም። የመመለሱን ዋጋ አብልጣ የምትከፍለው እርሷ ናት፤ በዚያው ዓመት ለብሔራዊ ፈተና የምትቀመጠውም እርሷ ናት። የአንዱ ልጅ ትምህርት እንዳይቋረጥ ተብሎ የሌላው ትምህርት ቢሰናከል ቤቱ ምን አተረፈ?

ስለዚህ ተመላሹ የሚከተሉትን አራት ነገሮች ሊፈጽም ይገባል እንላለን።

1ኛ/ ዕዳውን በቁጥር መናገር። «ትንሽ ችግር አለብኝ» ማለት መናገር አይደለም። «እማዬ፣ አባዬ፣ ያለብኝ 12,000 ብር ነው፤ ለኮሌጁ ይህን ያህል፣ ለአከራዬ ይህን ያህል፣ ለጓደኛዬ ይህን ያህል» ብሎ በወረቀት ጽፎ ማሳየት ነው። ወላጅን የሚያሳምመው የዕዳው መጠን ብቻ አይደለም፤ ከልጁ አፍ ሳይሰማ አበዳሪ በሩን ሲያንኳኳ መስማቱ ነው። ቁጥሩ የታወቀ ዕዳ ይመከርበታል፤ የተደበቀ ዕዳ ግን በቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚፈራው፣ ማንም የማይጠራው ነገር ሆኖ ይኖራል።

2ኛ/ የመክፈያውን መንገድ ራሱ ማዘጋጀት። ለምሳሌ ያህል ልጆችን በማስጠናት በወር 3,000 ብር የሚያገኝ ተማሪ 1,500ውን ለዕዳ፣ 1,000ውን ለቤት፣ 500ውን ለመጓጓዣ ቢመድብ የ12,000 ብር ዕዳ በ8 ወር ያልቃል። ገቢው ካነሰ ጊዜው ይረዝማል እንጂ መንገዱ አይለወጥም። የማይታገሠው ዕዳ ይቅደም፤ ለጓደኛው ደግሞ ጥቂትም ቢሆን በየወሩ ይድረሰው። ጥቂቱ ገንዘብ የወዳጅነቱ መልእክተኛ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። እናቶቻችን ልጃቸው እንዳያፍር ሲሉ የዕቁባቸውን ገንዘብ አውጥተው ዕዳውን በአንድ ቀን ሊዘጉለት ይሻሉ። ይህ ፍቅር ነው። ነገር ግን ዕቁብ የደረሰው ሰው እስከ ዙሩ ፍጻሜ መጣሉን ይቀጥላል። ያ ገንዘብ ለቤት ኪራይ ወይም ለእኅት ትምህርት ታስቦ ከነበረ ዕዳው ከልጁ ትከሻ ወደ እናቲቱ ትከሻ ዞረ እንጂ አልተከፈለም። «እማዬ፣ አይሆንም፤ እኔው በየወሩ እከፍለዋለሁ» ማለት ለልጁ ይከብዳል፤ ቢሆንም ሊለው ይገባል።

3ኛ/ በቤቱ ሥራ ድርሻ መያዝ። የወላጅ ቤት ሆቴል አይደለም። ውኃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን መሙላት፣ ገበያ መሄድ፣ ልብስን ራስ ማጠብ፣ ታናናሾችን ማስጠናት ብር የማይጠይቁ ክፍያዎች ናቸው። በተለይ ወንዶች ልብ እንበል። እኅት ስትመለስ ወጥ ቤት ትገባለች፤ ወንድም ሲመለስ ግን ምሳ ይቀርብለታል። ይህ ልዩነት ከዕዳ ሁሉ የቆየ ዕዳ ነው።

4ኛ/ ጊዜ መቁረጥ። «እስከ መቼ?» የሚለውን ጥያቄ ወላጅ በይሉኝታ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ተመላሹ ራሱ ይመልሰው። «እስከምመረቅ» ወይም «እስከ መጪው መስከረም» ይበል። ጊዜው ሲደርስ ሁኔታው ካልፈቀደ እንደገና ተቀምጦ መነጋገር ይቻላል። ቁም ነገሩ መቆየቱ የተመከረበት እንዲሆን ነው።

ስለ ራሳችን ጉባኤም አንድ ቃል እንጨምር። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ለአባትና ለእናት የሚገባውን መባ አድርገናል በሚል ምክንያት የሚያስቀሩ ሰዎች ተወቅሰዋል። ለመንፈሳዊ ጉዞ፣ ለዝማሬ ልብስ፣ ለበዓል ዝግጅት መዋጮ ስንጠይቅ ያልከፈለውን አባል በስም መጥራት ልማድ ሆኖ ከሆነ እንተወው። ያ ወንድም በዚያ ወር የነበረችውን ብር ለእናቱ ሰጥቶ ይሆናል። እንዲህ ያደረገ ሰው ከእኛ መዋጮ የሚበልጥ ከፍሏል።

ክፍለ ከተማችን ስሙን የወሰደው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቂርቆስ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ እናቱን ቅድስት ኢየሉጣን በእሳት ፊት እንዳበረታት በየዓመቱ ሐምሌ 19 ቀን እንሰማለን። ያ ልጅ ለእናቱ የሚሰጠው ገንዘብ አልነበረውም። ልጅ ለወላጁ ብርታት የሚሆነው ባለ ጸጋ ሲሆን ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ዕዳ ያለበትም ልጅ በገባበት ቤት እውነቱን ተናግሮ፣ እጁን ለሥራ ዘርግቶ፣ የታናሹን ቦታ ጠብቆ ከኖረ ለቤቱ ሸክም አይሆንም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1/ ከሦስቱ የዕዳ ዓይነቶች ቶሎ የሚረሳው የትኛው ነው? ስለ ምን?

2/ አንድ አባል ዕዳ ይዞ ወደ ወላጆቹ ቤት ቢመለስ በቤቱ ከሁሉ በላይ የሚጨናነቀው ማን ነው? እርሱን ወይም እርሷን አስቀድሞ ማን ሊያነጋግር ይገባል?

3/ እናት በዕቁቧ የልጇን ዕዳ ልትከፍል ብትነሣ ልጁ እንዴት አድርጎ ሳያስቀይማት እንቢ ይበላት?

4/ ከካዛንቺስ ርቀው ለሄዱት አባሎቻችን የመዋጮና የመሰብሰቢያ ሰዓት ልማዳችንን በምን እናሻሽል?