ሦስት ገዢ፣ ሦስት ጥያቄ

ዕድሜያቸውን ቡና ሲልኩ የኖሩ አዛውንትና ለአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ድረ ገጽ የሠራች ወጣት ያደረጉት ምልልስ ነው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ይሄን ይዩልኝ። ፎቶው የተመረጠ ነው፣ የድርጅቱ ታሪክም ከነመሥራቹ ሰፍሯል። ግን እስካሁን አንድም የውጭ ገዢ አልጻፈልንም።

አዛውንቱ፦ ፎቶው ያምራል ልጄ። ለማን ብለሽ ነው የሠራሽው?

ወጣቷ፦ ቡና ለሚገዛ ሁሉ።

አዛውንቱ፦ «ሁሉ» የሚባል ገዢ አጋጥሞኝ አያውቅም። ጀርመን አገር ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ነጋዴ መጀመሪያ ምን የሚጠይቅ ይመስልሻል?

ወጣቷ፦ ዋጋ?

አዛውንቱ፦ ዋጋ ኋላ ይመጣል። የየት ወረዳ ቡና ነው? ስንት ሜትር ከፍታ ላይ በቀለ? የታጠበ ነው ያልታጠበ? መቼ ተለቀመ? በቅምሻ ከ100 ስንት አገኘ? 80 ካልደረሰ ከስፔሻሊቲ ቡና ተርታ አይገባም። አንቺ «ጥራቱን የጠበቀ» ብለሽ አለፍሽው፤ ቁጥር ለሚፈልግ ሰው ይሄ መልስ አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥቷል። ቡናው ከ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣቱን፣ የማሳውን መገኛ ጭምር አሳዩ ይላል።

ወጣቷ፦ ጃፓንና ሳዑዲ ያሉትስ?

አዛውንቱ፦ ጃፓኖች በ2008 እ.ኤ.አ. በቡናችን ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝተው ግዢያቸው ክፉኛ ቀንሶ ነበር። ስለዚህ የላቦራቶሪ ውጤቱን ፊት ለፊት አድርጊላቸው። የሳዑዲው ከቀኝ ወደ ግራ ያነባል፤ ለእሱ ቃሉን ብቻ ወደ ዓረብኛ መመለስ አይበቃም፣ የገጹ አቀማመጥም አብሮ መዞር አለበት።

ወጣቷ፦ ድርጅቱ እዚህ አዲስ አበባም ቆልቶ ይሸጣል።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው ለሰፈር እናቶች ስለ ከፍታው አታውሪላቸው። ኪሎው ስንት ነው፣ ሱቁ የት ነው፣ በቴሌብር ይከፈላል ወይ ነው የሚሉት። የሚከፍቱት በስልክ ነው፤ ከባድ ቪዲዮ ካርዳቸውን ይበላባቸዋል። «8:00 እንከፍታለን» ብለሽ ከጻፍሽ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ለእነሱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በዪ፤ 8:00 ለጀርመኑ ነው።

ወጣቷ፦ ዋሽንግተን ያሉት ወገኖቻችን ግን ከሁለቱም አይደሉም።

አዛውንቱ፦ አዎ፣ አማርኛ ያነባሉ፣ በዶላር ይከፍላሉ። ጥያቄያቸው «ለበዓል ለእናቴ ይደርስልኛል?» ነው። የማድረሻ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊላቸው።

ወጣቷ፦ ታዲያ ሦስት ድረ ገጽ ልሥራ?

አዛውንቱ፦ ቤቱ አንድ ይሁን፣ በሩ ሦስት። መግቢያው ላይ «ጥሬ ቡና በኮንቴነር»፣ «የተቆላ ቡና በኪሎ»፣ «ለቤተሰብ መላክ» በዪ፤ ሰው በሩን ራሱ ይመርጣል። በየበሩ የማይለያየው እውነቱ ነው። ለአንዱ 84 ያልሽውን ቡና ለሌላው 88 አትበዪ።

ወጣቷ፦ የመሥራቹን ታሪክ ላውጣው?

አዛውንቱ፦ አታውጪው፣ ወደ ውስጥ አስገቢው። እንግዳ በር ላይ ቆሞ የቤቱን ታሪክ አይሰማም፤ ገብቶ አረፍ ሲል ያዳምጣል። አሁን ሂጂና ከሦስቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ፈልጊ። አጠገባቸው ተቀምጠሽ ገጹን ሲከፍቱ እዪ። ምንም አታስረጂ፤ ጣታቸው ግራ ተጋብቶ የቆመበትን ቦታ ብቻ ጻፊ። ሥራሽ ከዚያ ይጀምራል።