ሞዱ ከተነሣ በኋላ ቀለሙ ለምን ይቀራል?

ከሳሊተ ምሕረት እስከ ሲኤምሲ ባለው ሠፈር የሚኖሩ ተማሪዎቻችን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በተደጋጋሚ የሚያነሡብን አንድ ጥያቄ አለ። በኮምፒዩተር ጨዋታ ላይ የጫኑትን ሞድ ያነሣሉ፤ ሞዱ ያመጣው ሥዕልና ቀለም ግን አብሮ አይነሣም። ሞድ ስንል አንባቢያችን እንደሚያውቀው ከጨዋታው አዘጋጅ ውጭ በሆኑ ሰዎች ተሠርቶ የጨዋታውን መልክ ወይም ጠባይ የሚለውጥ የፋይሎች ስብስብ ማለታችን ነው፤ ‹‹ሞድ ያዙብኝ›› ከሚባለው የሠፈር ቋንቋ ጋር ዝምድና የለውም። ጥያቄው ከፊዚክስ የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በውስጡ የመረጃን መጥፋትና መመለስ የሚመለከት ጥብቅ ሕግ ስላለ በዚህ ዕትም ልንመለከተው ወደድን።

በመጀመሪያ ቴክስቸር ምን እንደሆነ እንይ። በጣና ሐይቅ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የጎበኘ ሰው የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑትን ሥዕሎች አይረሳም። እነዚያ ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ያለ መኪና፣ ቤት ወይም ተጫዋችም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ‹‹ግድግዳው›› ከብዙ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተገጣጠመ ቅርጽ ሲሆን፣ ቴክስቸር የሚባለው ደግሞ በቅርጹ ላይ የሚለጠፈው ጠፍጣፋ ሥዕል ነው። ቅርጹ ሳይነካ ሥዕሉን ብቻ በመለወጥ አንዱን መኪና ሌላ ማስመሰል ይቻላል።

ሥዕሉን ለመለወጥ ግን ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በነባሩ ጨርቅ ላይ ሌላ ጨርቅ መደረብ ነው። የላዩ ሲነሣ የታችኛው እንዳለ ይገኛል። ሁለተኛው ግን ብራናን እንደ መፋቅ ነው። የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በቦታው የአዲሱ ስም የተጻፈባቸው የብራና መጻሕፍት በአገራችን ብዙ ናቸው። እዚያ ላይ አዲሱን ስም ብንፍቀው የምናገኘው ባዶ ቦታ እንጂ የቀድሞውን ስም አይደለም።

ይህን በሒሳብ ቋንቋ መግለጽ ይቻላል። አንድ ፈንክሽን ኢንቨርስ የሚኖረው አንድ ለአንድ ሲሆን ብቻ መሆኑን በሁለተኛ ደረጃ ተምረናል። በአንድ ፋይል ቦታ ላይ ሌላ ፋይል መጻፍ ግን የቀድሞው ይዘት ምንም ይሁን ምን ውጤቱን አንድ ያደርገዋል። ሺሕ የተለያዩ ሥዕሎች ወደ አንድ ሥዕል ይወርዳሉ ማለት ነው። ከዚያ አንዱ ሥዕል ተነሥቶ ከሺሑ የትኛው እንደነበረ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የሞዱ ማንሻ ፕሮግራም የጨመረውን ሊያጠፋ ይችላል፤ የጻፈበትን ግን አስቀድሞ ቅጂ ካላስቀመጠ በቀር ሊመልስ አይችልም። ፊዚክሱም ይህንኑ ያረጋግጣል። ሮልፍ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳዩት አንድ ቢት መረጃ ሲደመሰስ ቢያንስ የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር በአብሶሉት ሙቀትና በ2 ናቹራል ሎጋሪዝም ተባዝቶ የሚገኘው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ግምቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል። 128 ኪሎባይት የሆነ ቴክስቸር ቢደመሰስ በክፍል ሙቀት ዝቅተኛው ወጪ ወደ 3 × 10⁻¹⁵ ጁል ይደርሳል። ኮምፒዩተሩ በተግባር ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ኃይል ስለሚፈጅ ቁጥሩ የኤሌክትሪክ ክፍያን አይነካም፤ ነገር ግን መደምሰስ የማይቀለበስ ድርጊት መሆኑን በጁል ቆጥሮ ያሳየናል።

ወደ ተግባር እንለፍ። ከተማሪዎቻችን አንዱ በሚያግዝበት የሳሊተ ምሕረት ጌም ቤት የተፈጠረው ችግር ሁሉንም ዓይነት በአንድ ላይ ስለያዘ በዝርዝር ማየቱ ይጠቅማል። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2004 ለፕሌይስቴሽን 2፣ በ2005 ደግሞ ለኮምፒዩተር የወጣው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ነው። ተማሪው በጨዋታው ውስጥ ያለችውን ሩምፖ የተባለች ቫን የከተማችንን ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ እንድትመስል አደረጋት። ከጊዜ በኋላ ጨዋታው በመሃል እየተቋረጠ ስላስቸገረ ሞዱን አነሣ። ቫኗ አልተለወጠችም። ጨዋታውን በሙሉ አንሥቶ ከዲስኩ እንደገና ጫነው። በዚህ ጊዜ በጎኗ ላይ የነበረው ጽሑፍ ጠፋ፤ ሰማያዊና ነጩ ግን አሁንም አለ። ተማሪው በመጨረሻ ሃርድ ዲስኩን ፎርማት ለማድረግ ወሰነ። በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የደንበኞች የወራት ሴቭ ይገኝ ስለነበር ውሳኔው ቀላል አልነበረም፤ አስፈላጊም አልነበረም።

ጽሑፉ ለምን ጠፋ? ጽሑፉ የቴክስቸሩ አካል ነው። ቴክስቸሩ የሚገኘው ጂቲኤ3.አይኤምጂ በተባለው ትልቅ የማህደር ፋይል ውስጥ ሲሆን፣ ሞዱ በዚያ ላይ ጽፎበት ነበር። ይህ የተፋቀው ብራና ነው። ከዲስኩ የመጣው ንጹሕ ማህደር በቦታው ሲተካ ችግሩ ተፈታ።

ሰማያዊውና ነጩ ግን ቴክስቸር አይደለም! በዚህ ጨዋታ የመኪኖች የአካል ቀለም የሚወሰነው ካርኮልስ.ዳት በተባለ ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ ነው። ቴክስቸሩን መቶ ጊዜ ብንመልሰው ይህን ቀለም አይነካውም። እንግዲህ ጨዋታው ሲጫን ይህ ሠንጠረዥም አብሮ መታደስ ነበረበት። በጨዋታው ፎልደር ውስጥ ታድሷልም፤ ከፍተን ስናየው ንጹሕ ነው። ታዲያ ጨዋታው ሰማያዊውን ከየት ያነባል?

መልሱ ያለው በዊንዶውስ ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አንድ የቆየ ፕሮግራም ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ በፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ሊጽፍ ሲሞክር ሥርዓቱ ሳይከለክለው ጽሑፉን ቨርችዋል ስቶር ወደተባለ የተጠቃሚው የግል ፎልደር በዝምታ ያዞረዋል። ያው ዓይነት የቆየ ፕሮግራም በኋላ ፋይሉን ሲጠይቅ የሚቀርብለት ይኸው የግል ቅጂ ነው። ተማሪው ማህደሩን የለወጠው በአስተዳዳሪ ፈቃድ ነበር። የቀለም ሠንጠረዡን የለወጠበት ትንሽ ፕሮግራም ግን ያለ ፈቃድ ስለሠራ ለውጡ በቨርችዋል ስቶር ተቀመጠ። ይህ እንግዲህ የተደረበው ጨርቅ ነው። ከሥሩ ያለውን ግድግዳ ደጋግሞ ማደስ ምንም አይፈይድም፤ የሚያስፈልገው የላዩን ማንሣት ብቻ ነው። በአፕዳታ፣ ከዚያ በሎካል ሥር ያለው የተሸሸገ ፎልደር ተከፍቶ አንዱ ፋይል እንደጠፋ በመንገድ ላይ የሚታዩት ቫኖች ሁሉ ወደ ቀድሞ ቀለማቸው ተመለሱ።

አንዲት ቫን ብቻ ቀረች፤ በአንድ ደንበኛ ጋራዥ ውስጥ የቆመችው። ጋራዥ የገባ መኪና ቀለሙ ከሴቩ ጋር ይመዘገባል፤ ሴቩም የሚቀመጠው ከጨዋታው ፎልደር ውጭ፣ በተጠቃሚው ዶክመንትስ ውስጥ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ፋይል ማጥፋት አይደለም፤ መኪናዋን በጨዋታው ውስጥ ቀለም ቤት ወስዶ ማስቀባት ይበቃል።

እንግዲህ የቀረውን ለውጥ በመድኃኒት ከማሳደድ በፊት መጠየቅ ያለበት ‹‹ተጽፎበት ነው ወይስ ተደርቦበት?›› ተብሎ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ሕክምና ይፈልጋሉ። ለተጻፈበት ዋናውን ማምጣት፣ ለተደረበበት ትርፉን ማስወገድ። በኢንተርኔት የሚሸጡ ጨዋታዎች ላይ ተማሪዎቻችን ብዙ ዳታ የሚያባክኑት ይህን ባለመለየት ይመስለናል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ስካይሪም ቴክስቸሮቹን በማህደር ያስቀምጣል፤ ነገር ግን ዳታ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ተመሳሳይ ስምና አድራሻ ያለው የተበተነ ፋይል ካገኘ እርሱን ያስቀድማል። ስቲም የፋይሎችን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥበት አገልግሎት አለው። የተበላሸውንና የጎደለውን ያመጣል፤ በዝርዝሩ ላይ የሌለውን ትርፍ ፋይል ግን አይነካም። ጨዋታውን ስናነሣም ትርፉ በፎልደሩ ውስጥ እንዳለ ይቆያል። አሥር ጊጋባይት አውርዶ ያንኑ የሞድ ሥዕል የሚያይ ሰው የደረሰበት ይኸው ነው። የእግር ኳስ ጨዋታ ወዳጆችም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 6 ላይ ኪትሰርቨር የተባለው መሣሪያ ማልያዎችን ከራሱ ፎልደር ስለሚደርብ ሲነሣ ዋናው ማልያ ይመለሳል፤ በኦፕሽን ፋይል የተለወጠው ማልያ ግን በዶክመንትስ ውስጥ ስለሚኖር ጨዋታውን መልሶ መጫን አያጠፋውም።

ዋናው ዲስክ የሌለውና ማህደሩ የተጻፈበት ሰው ተስፋ ከመቁረጡ በፊት የማህደሩን አሠራር ማወቅ ይገባዋል። በሳን አንድሪያስ ማህደር መጀመሪያ ላይ ማውጫ አለ። ማውጫው ለእያንዳንዱ ፋይል 32 ባይት መድቦ ስሙን፣ የሚጀምርበትን ቦታና ርዝመቱን ይመዘግባል፤ ቦታና ርዝመትም የሚለኩት እያንዳንዳቸው 2,048 ባይት በሆኑ ክፍልፋዮች ነው። አዲሱ ቴክስቸር ከነባሩ የሚበልጥ ከሆነ በቀድሞው ቦታ አይበቃውም። በዚህ ጊዜ ብዙ መሣሪያዎች አዲሱን በማህደሩ መጨረሻ ጽፈው በማውጫው ላይ አድራሻውን ብቻ ይለውጣሉ። የቀድሞው ሥዕል ባለቤት የሌለው ሆኖ በመሃል ይቀመጣል፤ ባለሙያም አውጥቶ ሊመልሰው ይችላል። በተፋቀ ብራና ላይ በልዩ ብርሃን ፎቶግራፍ የቀድሞውን ጽሑፍ አንዳንድ ጊዜ ማንበብ እንደሚቻለው ማለት ነው። ሆኖም ማህደሩን እንደገና አደራጅ የሚለው ትእዛዝ ከተሰጠ ባዶ የመሰለው ቦታ ሁሉ ይሞላል፤ ያኔ ነገሩ አበቃ። ስለዚህ ዋናው እስኪገኝ ድረስ ያንን ትእዛዝ አለመንካት ነው።

ፋይሉ ንጹሕ መሆኑን በምን እናውቃለን? ብዙዎች መጠኑን ከጓደኛ ፋይል መጠን ጋር ያነጻጽራሉ። ይህ ማስረጃ አይሆንም። በነዚህ ጨዋታዎች የተለመደው ዲኤክስቲ1 የተባለው የቴክስቸር አጨማመቅ 16 ነጥቦችን ሁልጊዜ በ8 ባይት ይጽፋል። 512 በ512 ነጥብ የሆነ ሥዕል 16,384 እንዲህ ያሉ ቁራጮች ስላሉት የሚይዘው 131,072 ባይት ነው፤ ሥዕሉ ሰማይም ይሁን ሚኒባስ። መጠን እኩል፣ ይዘት ግን ፍጹም የተለያየ ሊሆን ይችላል።

አስተማማኙ መንገድ የሃሽ ዋጋን ማነጻጸር ነው። ሻ-256 የተባለው ስሌት የትኛውንም ፋይል ወደ 256 ቢት ያወርዳል፤ በፋይሉ ውስጥ አንድ ቢት ብትለወጥ ውጤቱ በሙሉ ይለወጣል። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሰርትዩቲል የተባለ ትእዛዝ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይህን ያሰላል። ውጤቱ በ64 ፊደልና አኃዝ ስለሚጻፍ በአንድ የሞባይል አጭር መልእክት ተልኮ ቦታ ይተርፈዋል። ንጹሕ ጨዋታ ያለው ጓደኛ ጊጋባይት መላክ አይጠበቅበትም፤ 64ቱን ምልክቶች ብቻ ይላክ። የሁለቱ ጨዋታ ዕትም አንድ መሆኑን ግን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ልዩነቱ ከሞዱ ሳይሆን ከዕትሙ የመጣ ሊሆን ይችላል። ልዩነት ከተገኘም ጓደኛው ሙሉ ጨዋታውን ሳይሆን ያንን አንድ ፋይል በፍላሽ ይዞ ቢመጣ ይበቃል።

ለሚቀጥለው ሞድ የሚደረገው ዝግጅት አጭር ነው። በሳን አንድሪያስ ላይ ሞድሎደር የተባለው መሣሪያ ሁሉን ነገር በአንድ ፎልደር ስለሚደርብ ከመጻፍ እርሱ ይመረጣል። መጻፍ ግድ ከሆነ ሞዱ የሚነካቸው ፋይሎች ስም ተዘርዝሮ፣ የእያንዳንዳቸው ቅጂ ከጨዋታው ፎልደር ውጭ ይቀመጥ። የተነኩት የትኞቹ እንደሆኑ ያልታወቀ እንደሆነም ፋይሎቹን በተለወጡበት ቀን መደርደርና ሞዱ በተጫነበት ሰዓት የተመዘገቡትን ለይቶ ማየት ይረዳል። ይህ ፍለጋ በሦስት ቦታ መደረግ አለበት፤ በጨዋታው ፎልደር፣ በቨርችዋል ስቶርና በዶክመንትስ።